ወደ ኋላ የዘለለው አስተናጋጅ

በእኛ ጊዜ ጨዋታ ኪስ ውስጥ አይገባም ነበር። ሳቂ አንቺ፣ እውነቴን ነው። ቁም ሣጥን ያህላል፣ ሁለት ጎረምሳ ካልተሸከመው አይነቃነቅም፣ እና ባር ውስጥ ከአይስክሬሙ ማቀዝቀዣ አጠገብ ተገትሮ እየጮኸ ሰው ይጠራል። አሁን አንቺ፣ ሳሮን፣ ጨዋታ መሥራት እየተማርሽ ነው አሉኝ። እናትሽ ናት የነገረችኝ፤ «ጋሽ ፍስሐ፣ ይኼ እውነት ሥራ ነው ወይ?» ብላ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁበት እንጀራ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ታዲያ ቁጭ በይና ልንገርሽ፣ እናንተም ስሙ፣ ያንን ስልክ ግን አስቀምጪው።

መጀመሪያ ያየሁት ሮማ፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ባር ውስጥ ነው፣ ጠዋት። ጥቁር መስታወት ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፣ ከምስር አትበልጥም። አንድ ሰውዬ ማሽኑ ላይ የተተከለችውን መንጃ ዱላ ወደ ቀኝ ሲላት ነጥቧ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲላት ወደ ግራ። እኔ እንግዲህ ሮማ የመጣሁት ኤሌክትሮኒክስ ልማር ነው፣ ውስጧ ያለው ሽቦ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም ደነገጥኩ። ለምን ትዪኛለሽ? እስከዚያ ቀን ድረስ ቴሌቪዥን የሚያዝ ነገር እንጂ የሚታዘዝ ነገር አልነበረም። አገር ቤት መግለጫ ያነቡብሃል፣ ዝም ብለህ ትሰማለህ፣ አለቀ። ይኼኛው ግን ሰውዬው እጁን ሲያነሣ ቆመ፣ ጠበቀው። ብርሃን ሰው ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለ ባሩ፣ «አሎራ፣ ትጫወታለህ ወይስ በሩን ልትዘጋልኝ ነው የቆምከው?» እስኪለኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እና ያን ጊዜ እኔ ለሁሉ ሰው ታዛዥ ነበርኩ። ደርግ መጣ፣ የትምህርቱ ወጪ ቆመ፣ የተማሪ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ቀረበ። «የሚቀጥርህ ሰው ፈርሞ ካላመጣህ ወደ አገርህ ነው» አሉኝ። አገር ቤት ደግሞ አብረውኝ ከተማሩት ልጆች ስንቱ እንደተገደለ ደብዳቤ ይደርሰኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ልዋሽሽ አልችልም።

ታዲያ ሲኞር ኦታቪዮ የሚባል ሰው ዘንድ ገባሁ። ቱስኮላና መንገድ ላይ ካንቲና አለው፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ እዚያ የጨዋታ ማሽን ይጠግናል፣ ይገለብጣልም። እንዴት ይገለብጣል? የሌላ ሰው ማሽን ይመጣል፣ እንከፍተዋለን፣ እናየዋለን፣ በሌላ ስም እናወጣዋለን። በዚያ ጊዜ ግማሹ ገበያ እንደዚያ ነበር። ኦታቪዮ እየጠገነ ያስተምረኛል፣ አስተማሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። «ስማ ፊሶ» ይለኛል፣ ፍስሐ ማለት አይሆንለትም፤ «ማሽኑ ሰውን ቶሎ መግደል አለበት። ሦስት ደቂቃ። ግን ሰውዬው ሲሞት ማሽኑን እንዳይሰድብ። ራሱን ይስደብ። ራሱን የሰደበ ሰው ሌላ ሳንቲም ያወጣል።» እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ የዚህን ንግድ ትምህርት የነገረኝ ሰው የለም፣ እና እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንድ ቀን ደፈርኩና «ሲኞር ኦታቪዮ፣ የራሴን ልሥራ» አልኩት። «የራስህን ምን?» «ጨዋታ።» ሣቀ፣ ደግሞ ሣቀ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ። ኦስቲያ ባሕር ዳር ሳላ ጆኪ ያሉት ሰውዬ አለ፣ የጨዋታ ቤት፣ በማዕረጉ ካቫሊየሬ ነው የሚሉት። በጋ ሳይገባ ቅዳሜ ቀን አመጣዋለሁ። ከወደደው እፈርምልሃለሁ፣ ፔርሜሶህን ታወጣለህ። ካልወደደው እኔም ለአንተ የምፈርምበት ምክንያት የለኝም።» ይኸው ነው። ሕይወቴ በአንድ ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለች።

እና ምን ሠራሁ መሰለሽ? ኦስቲያ በጋ በጋ ሠርቻለሁ፣ የባሕር ዳር አስተናጋጅ ሆኜ፣ ትኩስ አሸዋ ላይ ትሪ ይዤ ስሮጥ። እሱኑ ጨዋታ አደረግሁት። ትንሽ ሰውዬ አለ፣ ትሪ ይዟል፣ አሸዋው ላይ ይሮጣል፣ ኳስ ይመጣል ይዘላል፣ ሸርጣን ይመጣል ይዘላል፣ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች ተኝተዋል ይዘላቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ጥላ ሥር ለተቀመጠች ሴትዮ ውሃ ያደርሳል። የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቼ፣ ያንን በአራት ማዕዘን የተሰመረውን፣ እያንዳንዱን ቤት በእርሳስ እየቀባሁ ሰው ሠራሁ። አፍንጫው አንዲት ቤት ናት። አንዲት ቤት ስትቀቢ አፍንጫ፣ ስታጠፊያት ፊት የሌለው ሰው። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ብድግ ብሎ ሲሮጥ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ቆምኩለት። እውነቴን ነው፣ እንግዳ እንደገባ ሰው ተነሣሁለት።

ታዲያ ሳልጨርስ ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ታውቂያለሽ፣ ሮማ ውስጥ በየቤቱ የሚሠሩ ሐበሾቻችን የዕረፍት ጊዜ ነው። እትዬ በቀለች የሚባሉ ሴት ነበሩ፣ እዚያው ሮማ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው የተዋወቅነው፣ ፓሪዮሊ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንዲት ሲኞራ ቤት ይሠሩ ነበር። እንደ ታላቅ እህት ይቆጡኛል፣ ያበሉኛል። ማሽን የሚባል ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው፣ እና የፈለግሁት ያንን ነው። የለመደ ሰው ማሽኑን ይሸነግለዋል፤ እውነቱን የሚነግርሽ ያለመደው ነው። ይኼንን ጻፊው፣ ሳሮን።

«ይምጡ እትዬ፣ የሠራሁትን ላሳይዎ» አልኳቸው። ካንቲናው ወረዱ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ ተከሉ።

«ይኼ ማነው?»

«አስተናጋጅ ነው። ውሃ ሊያደርስ ነው።»

«ለማን?»

«ጥላ ሥር ላለችው ሴትዮ።»

«እሷ ተነሥታ አትቀዳም?»

«እትዬ፣ ጨዋታ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። እነዚህስ? ምን ሆነው ነው የተጋደሙት?»

«ፀሐይ እየሞቁ ነው።»

ጠጋ ብለው አዩዋቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

ዱላዋን አስያዝኳቸው። ወደ ቀኝ ሲሏት ሰውዬው ሄደ፣ እና እጃቸውን ከትኩስ ድስት ላይ እንደሚያነሣ ሰው አነሡት። «እኔ ነኝ?» አሉ። «እርስዎ ነዎት።» እጃቸውን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ፣ ደግሞ እጃቸውን አዩ። «ወይ የእግዚአብሔር ሥራ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔ የሠራሁት መሆኑን ረሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ኳሱን ዘለሉ። ሸርጣኑን ዘለሉ። ሰው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ዞሬ አልሄድም?» «አይዞርም እትዬ፣ መዝለል ነው።» እና ዘለሉ፣ ግን በየሰዉ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይቅርታ እኅቴ» እያሉ ነው። እኔ እሥቃለሁ። ታዲያ አምስተኛው ላይ አንድ ሕፃን አስተኝቻለሁ፣ ትንሽዬ፣ ከእናቱ ጎን። ዘለሉት። ዘለሉትና ቆሙ። ቆሙና ዱላዋን ወደ ግራ አዞሯት።

«እትዬ፣ ወደ ፊት ነው።»

«ቆይ አንተ። ልጁን ተሻገርኩት እኮ።»

«እና?»

«እና ልመልስለት ነዋ። እናትህ አልነገረችህም? የተሻገሩት ልጅ መልሰው ካልተሻገሩለት ይቀጭጫል።»

ነግራኛለች እንጂ። አንቺስ፣ ሳሮን፣ አልሰማሽም? ይኸው፣ ሰምታለች። እኛ ቤት ወለል ላይ ተኝተን አንዱ ከተሻገረን «መልስ፣ መልስ» ብለን ጎረቤት እናደነቁር ነበር። እኔ ግን ሰው እያስተኛሁ የሚዘለልበት ጨዋታ ስሠራ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። ማሽኑን መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ወደ ፊት ብቻ። ወደ ኋላ የሚዘል ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

እትዬ በቀለች ወደ ኋላ ዘለሉ። ልጁ ተነሣ።

ትሰሚኛለሽ? ልጁ ብድግ ብሎ ቆመ። እኔ እንዲነሣ አላዘዝኩትም። ጠጉሬ ቆመ፣ ክንዴ ላይ ያለው ሁሉ። በኋላ አገኘሁት ምክንያቱን፣ ሥዕሎቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው፣ የተኛ ሰው ስድስት፣ የቆመ ሰው አምስት ነበር፣ እና ወደ ኋላ ሲዘለል ማሽኑ ከማይገባው ቦታ አንድ ቀነሰ፣ ስድስቱ አምስት ሆነ፣ አለቀ። ስሕተት ነው፣ የእኔ ስሕተት። ምክንያቱን ካወቅሁት በኋላም ግን መደነቄ አልለቀቀኝም። ዛሬም አልለቀቀኝም።

እትዬ በቀለች ዱላዋን አልለቀቁም። ሰውዬውን ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው ወሰዱት። የልጁን እናት፣ ዘለሉ፣ ተነሣች። ከእሷ በፊት ያለውን፣ ተነሣ። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም። አሸዋው በቆመ ሰው ሞላ። ከዚያ ማሽኑ ደረቀ፣ ቀጥ አለ፣ ሰዎቹም እንደቆሙ ቀሩ። «ደክሞት ነው» አሉና ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

እንባቸው ይወርዳል። «ምነው እትዬ?» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነገሩኝ። ከአዲስ አበባ የወጡት፣ ያው ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ የተገደለ ሰው ወድቆ የሚገኝበት ጊዜ ነው፣ ማንሣት የለም፣ ማልቀስ የለም። «አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በጠባቡ መንገድ ላይ አንዱ ተጋድሟል» አሉ። «ልጅ ነው። ከኋላዬ ጠብመንጃ የያዘ ሰው እለፊ አለኝ። ተሻገርኩት። ወደ ኋላ አልተመለስኩም፣ አንተ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልተመለስኩም።» አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይኼን ስልሽ ምን ለማለት ነው፣ ጨዋታ ሠሪው መንገዱን ይሠራል እንጂ በመንገዱ ላይ ማን እንደሚመጣና ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አያውቅም። እኔ ለአስተናጋጅ አሸዋ ሠራሁ፣ እሳቸው የአዲስ አበባን መንገድ ይዘው መጡ፣ እና የእኔ ቁጥር ሲሳሳት የእሳቸው ልጅ ተነሣ። ከዚህ በኋላ ቀልድ ነው ማለት አልቻልኩም።

ኦታቪዮ ወርዶ ሲያይ፣ «ይኼ ምንድን ነው? የፔርሜሶ ሰልፍ ነው እንዴ?» አለ። «አስተካክለው!» አስተካከልኩት፣ ግን በራሴ መንገድ። ዓርብን ሙሉ ሠርቼ ሕግ አደረግሁት፤ መልሰህ የተሻገርከው ሰው ይነሣል፣ ፎጣውን ያነሣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማሽኑም አይደርቅም።

ቅዳሜ ካቫሊየሬው መጣ። ወፍራም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ክፉ ሰው አይደለም። አሳየሁት። ሲነሡ ሲያይ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ፣ «ማማ ሚያ» አለ፣ እና ራሱ ዱላዋን ያዘ። ተጫወተ፣ ተጫወተ፣ ላበው። በመጨረሻ ሰዓቱን አየ።

«ስንት ደቂቃ ሆነኝ?»

«አሥራ አንድ» አለ ኦታቪዮ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

«በአንድ ሳንቲም?» ካቫሊየሬው ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ይኼ ቆንጆ ነው። እንደዚህ ቆንጆ አላየሁም። ግን እኔ የምሸጠው መሞትን ነው። ሰው እያስነሣ ግማሽ ቀን የሚቆምብኝ ከሆነ ተዘጋሁ። እነዚህን ሰዎች መልሰህ አስተኛልኝና ሃያ ማሽን እወስዳለሁ። ካላስተኛሃቸው አሪቬዴርቺ፣ ደህና ሁን።»

ኦታቪዮ አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። የቸገረው ርጉዝ ያገባል፣ ልጄ። «አስተኛቸዋለሁ» አልኩ።

ሰኞ ቁጭ ብዬ አስተኛኋቸው። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም፣ በገዛ እጄ። ሕፃኑ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ተውኩት። ለኦታቪዮም አልነገርኩትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፤ ኦታቪዮ የፈረመልኝ ለአንድ በጋ ብቻ ነው፣ ካቫሊየሬው ካወቀብኝ መስከረም ላይ ወረቀቴ ይቀደዳል፣ ፔርሜሶዬም አብሮ። አውቄ ነው የተውኩት።

የጣሊያን በጋ ገባ፣ የእኛ ክረምት ማለት ነው፣ ማሽኖቹ ኦስቲያ ገቡ፣ እኔም ሲበላሹ ልጠግን እዚያው ዋልኩ። ሰዉ ይሰለፋል፣ ይዘላል፣ ይሞታል፣ ራሱን ይሰድባል፣ ሌላ ሳንቲም ያወጣል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። ስንት ሰው ያን ሕፃን ተሻገረው! አንድ ሰው ወደ ኋላ አልዞረም። መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ አልታወቀብኝም ብዬ። ኋላ ኋላ ግን ከፋኝ። አንድ ሰው ቢመለስ ምናለ እያልኩ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ፣ ካቫሊየሬው የሳንቲም ሣጥኖቹን ሊያይ በመጣበት ቀን፣ ሰባት የሐበሻ ሴቶች ከባቡር ወረዱ። እትዬ በቀለች ፊት ፊት፣ ስድስቱ ኋላ ኋላ። «የፍስሐ ሥራ ይኸውላችሁ» ብለው አስገቧቸው። የመጀመሪያዋ ተጫወተች፣ ሕፃኑን ዘለለች፣ «ውይ» አለች፣ ተመለሰች። ልጁ ተነሣ። ሁለተኛዋ ዘለለች፣ ተመለሰች፣ ተነሣ። ሦስተኛዋም። ማንም አልነገራቸውም፣ እትዬ በቀለችም አፋቸውን አልከፈቱም፣ ዝም ብለው ያያሉ። ታዲያ ካቫሊየሬው ከኋላቸው ቆሟል።

በእጁ ጠራኝ። «አንዱን አላስተኛኸውም» አለኝ።

«አዎ፣ ሲኞሬ።»

«ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሰው ይኼን አላገኘም። እነዚህ ሴቶች ገብተው አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም። ማን ነገራቸው?»

«እናቶቻቸው» አልኩት።

አስረዳሁት፣ ስለ መሻገሩ፣ ስለ መመለሱ። ሰማኝ። ስድስተኛዋ ስትጨርስ ሄደና የራሱን ሳንቲም ከተተ፣ በራሱ ቤት! ዘለለ፣ ተመለሰ፣ ልጁ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ። «አንድ ብቻ ነው?» አለኝ። «አንድ ብቻ።» «ቫ ቤኔ፣ ይቁም። መስከረም ላይ ከኦታቪዮ ጋር ና፣ ወረቀትህን እናድሳለን።» እና ሄደ። እኔ ማሽኑን ተደግፌ ቀረሁ።

እትዬ በቀለች መጡ። «ሌሎቹስ?» አሉኝ። «ያን ቀን ሁሉም ተነሥተው ነበር እኮ።» እውነቱን ነገርኳቸው፤ ለፔርሜሶዬ ስል መልሼ አስተኛኋቸው አልኳቸው። አፈርኩ፣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሳቸው መስታወቱን ብዙ አዩት፣ ብዙ። ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተም ተኝተህ ነበር እኮ» አሉ። «አሁን አንተ ተነሣህ፣ ልጁ ተነሣ፤ ሁለት ሆናችሁ ማለት ነው።» እና እጃቸውን ዘረጉ። «በል ሳንቲም ስጠኝ፣ ሌሎቹን ልሞክር።»

«እትዬ፣ አይነሡም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

«ያን ቀንም ወደ ፊት ነው ብለህ ነበር» አሉኝ። እና ታምኚኛለሽ፣ እስከ ባቡሩ ሰዓት ድረስ ወደ ኋላ ሲዘሉ ዋሉ፣ እኔም ኪሴ እስኪራገፍ ሳንቲም አቀበልኳቸው።